ጀርባውን ለጌታ የሰጠ አዝማሪ

«አንድ አዝማሪ ነበረ» አሉ የኔታ፣ ተማሪው ጥያቄውን በወጉ ሳይጨርስ።

ጥያቄው አጭር ነበረ። ይህ ከዋድላ የመጣ ተማሪ ሦስት ጊዜ ጉባኤ ቃና የሚባለውን ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ቆጥሮ አቅርቧል፤ ሦስቱንም ጊዜ የኔታ «ይህን ሰምቼዋለሁ» ብለው መልሰውታል። ከማንም እንዳልሰረቀ እግዜር ያውቃል። ዛሬ ሆዱ አልችል አለውና፣ «የኔታ፣ ከራሴ ያወጣሁትን ቅኔ ከማን ነው የሚሰሙት? ይህን ካልነገሩኝ አኩፋዳዬን ይዤ አገሬ እገባለሁ» አለ። የኔታ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና ነገሩን ቀጠሉ።

አንድ አዝማሪ ነበረ። ድምፁ መካከለኛ፣ ማሲንቆው አሮጌ፤ ጠያቂነቱ ግን ወደር የለውም። መንገድ ላይ አንድ እግር ጫማ ወድቆ ቢያገኝ የሌላውን እግር ሳይፈልግ አያልፍም። ለቅሶ ቤት ቢገባ የሟቹን የልጅነት ስም ሳይጠይቅ አያለቅስም። ሰው ሁሉ «አንተ ሰውዬ፣ ምን አገባህ?» ይለዋል። እሱም «እኔም እሱን ነው የምጠይቀው» ይላል።

ሚስቱ በዚህ ጠባዩ ትስቅበታለች እንጂ አትቆጣውም። የሷ ቁጭት ሌላ ነው። አዝማሪ መቼም ቋሚ ቤት የለውም፤ ሰርግ ወዳለበት ሲሄድ፣ ዝክር ወዳለበት ሲሄድ ይኖራል። እሷ ደግሞ በየሄዱበት ጌሾ ትተክላለች። ጌሾው ጸድቆ ቅጠል ሲያወጣ እነሱ ጓዛቸውን ጠቅልለው ይነሣሉ። አራት አገር ተክላ አንዲት ቅጠል ቀንጥሳ አታውቅም። «በእኔ ጌሾ የአራት አገር ሰው ጠላ ይጠጣል» ትል ነበር። የምትለው እየሳቀች ነው፤ ባልየው ግን ከሳቁ ሥር ያለውን ያውቅ ነበርና ያፍራል።

በዚያው ዘመን አንድ ባላባት ነበረ። ትልቅ አዳራሽ ሠራና ግድግዳውን ዙሪያውን በሥዕል አስሞላ። ሠዓሊው ዓመት ሙሉ ሠርቶ በጨረሰ በሳምንቱ ንዳድ ይዞት ሞተ። ባላባቱ ሥዕሉን እያየ ሲኖር አንድ ነገር ጎደለው፤ ሥዕል አይናገርም። እሱ ደግሞ ሲነገርለት ደስ የሚለው ሰው ነው። እንዲህ ብሎ አዋጅ አስነገረ፦ «አዝማሪ የሆነ ሁሉ ይምጣ። ለያንዳንዱ አንድ ሥዕል በዕጣ ይድረሰው፤ በሦስተኛው ቀን ሥዕሉን በዘፈን ይንገረኝ። ደስ ላሰኘኝ ከቅጥሬ ጎን ያለውን ቤት ከነጓሮው እሰጣለሁ። እስከ ልጅ ልጁ የሚነቅለው የለም።»

ሚስትየው ይህን ስትሰማ አልሳቀችም። «ከነጓሮው ነው ያለው?» ብላ ጠየቀች።

«ከነጓሮው» አላት።

ወዲያው አንዲት የጌሾ ችግኝ ከነአፈሯ ነቅላ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለችና መንገድ ጀመሩ።

ስድስት አዝማሪዎች ተሰበሰቡ። ወደ አዳራሹ አስገቧቸውና ዕጣ ጣሉ። ለአንዱ የአንበሳ አደን ደረሰው፤ ለሌላው የሰርግ፣ ለሌላው የፈረስ ጉግስ። የእኛ ሰው ዕጣ ሲወጣ የቀሩት አምስቱ «ተመስገን» ብለው ተነፈሱ። የደረሰው የግብር ሥዕል ነበረና። በሥዕሉ ላይ የባላባቱ አባት መሐል ተቀምጠዋል፤ ዙሪያውን ሠላሳ የሚሆን ሰው ገበታ ከቦ ይበላል። ሁሉም ፊታቸው ሙሉ ነው፤ ሁለት ሁለት ዐይናቸው ጎልቶ ይታያል። ከታች ጥግ ላይ የቆመ አንድ ሰው ብቻ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ተሥሏል፤ ያለው ዐይን አንድ ነው።

አንተም የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነህና የሠዓሊዎቹን ሥርዓት ታውቃለህ። ደግ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዐይን ይሣላል፤ ክፉ ሰው ግማሽ ፊት ሆኖ በአንድ ዐይን። ይሁዳ እንዲህ ነው፤ ሰይጣንም እንዲህ ነው። ስለዚህ በዚያ አዳራሽ የሚገባ ሰው ሁሉ ያንን አንዳይና ሲያይ ያማትባል። በክፉ ሥዕል ላይ ማን ደስ የሚያሰኝ ዘፈን ያወጣል?

አዝማሪው ቀረብ ብሎ ሊያየው ፈለገ። ገና አንገቱን ሲያዞር አጋፋሪው ትከሻውን ይዞ መለሰው። ባላባቱ ከሥዕሉ ፊት ለፊት ባለው አልጋ ላይ ተቀምጧል። «ለጌታ ጀርባ አይሰጥም!» አለው አጋፋሪው። እውነቱን ነው፤ የአገሩ ወግ ይህ ነው። ስድስቱም ሥዕላቸውን በዐይናቸው ጠርዝ ዳሰስ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ባላባቱ እንዳደረጉ ወደ ኋላ እየተራመዱ ወጡ።

ማረፊያ የተሰጣቸው በበረኛው ቤት ነበር። በረኛው ሽማግሌ ነው፤ ዝምተኛ ነው። የመጣውን ሁሉ ቆሎ ያቀርብለታል፣ እግሩን የሚታጠብበት ውሃ ያሞቅለታል፤ ከአዳራሹ ደፍ ግን አያልፍም። አምስቱ አዝማሪዎች ዕለቱን ግጥም ማሰናዳት ጀመሩ። የእኛው ሰው መጠየቅ ጀመረ።

ወጥ ቤቷን ጠየቃት። «ይሁዳ ነዋ!» አለችው። የፈረስ ባልደራሱን ጠየቀው። «የጌታን አባት በቅሎ በመርዝ የገደለ ሰው ነው» አለው። ስሙን ግን ሁለቱም አልነገሩትም። አንበሳ የደረሰው አዝማሪ ይህን ሁሉ ሲሰማ ቆየና ተናደደበት። «አንተ ሰው፣ ሳይጠሩህ አቤት ሳይልኩህ ወዴት ማለት መቼ ነው የምትተወው? ስለ አንዳይናው ማን ጠየቀህ? መሐል ላይ ያሉትን አባትየውን አሞግስና ቁጭ በል!»

ምክሩ መልካም ምክር ነበር። አዝማሪውም ስለ አባትየው ያማረ ሙገሳ አዘጋጀ። ግን ነገሩ ከልቡ አልወጣ አለው። በሁለተኛው ቀን፣ ሽማግሌው በረኛ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጠፍር ሲያለፋ አገኘውና አጠገቡ ቁጭ አለ።

«አባቴ፣ ያ በአንድ ዐይን የተሣለው ሰው ማን እንደሆነ ያውቃሉ?»

በረኛው ጠፍሩን መሬት ላይ አኖረው። «እኔ ነኝ» አለ።

አዝማሪው ቀና ብሎ የሽማግሌውን ሁለት ዐይኖች አየ።

«ሠዓሊው ይህን ግድግዳ ሲሥል ዓመት ሙሉ ማደሪያው እዚህ ነበር» አለ ሽማግሌው። «ከአንድ ገበታ በላን። ቀለሙን የሚበጠብጠው እዚያ ጥግ ነበር። የዚያን የግብሩን ዕለት በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ፤ እንዴት እንደነበረ የነገርኩትም እኔው ነኝ። አዳራሹ የተመረቀ ዕለት ከደጅ ሆኜ አሻግሬ አየሁ። ይህን ዱላዬን አወቅሁት፤ በጠፍር የጠገንኩት እንኳ አልቀረም። ከዚያ ዐይኔን ቆጠርኩ። አንድ ነው።» ጠፍሩን እንደገና አነሣና፣ «ምን እንዳደረግሁት አላውቅም፣ ልጄ። እንዳልጠይቀው ሞተ» አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ሲያልፍ ሰላምታውን ያሳጥርበታል። ክርስትና አንሣልኝ ያለው የለም። ስሙን እንኳ ትተው «አንዳይናው» ይሉታል፤ ሁለት ጤነኛ ዐይን ያለውን ሰው።

አዝማሪው ይህን ለሚስቱ ነገራት። «ዓመት ሙሉ እንጀራውን የበላ ሰው ለምን እንዲህ አድርጎ ይሥለዋል? ይህ አይገባኝም።»

«ቤቱን እናግኝና ያን ጊዜ ትጠይቃለህ» አለች። ከዚያ ደግሞ፣ «ሰውዬው ዛሬ ጧት ሳላየው ለችግኜ ውሃ አጠጥቶልኛል» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሦስተኛው ቀን ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አዝማሪዎቹ ተራ በተራ እየተነሡ፣ ሥዕላቸውን ከጀርባቸው ባላባቱን ከፊታቸው አድርገው ዘፈኑ። አዝማሪ መቼም ዐይኑ ከጌታው ፊት አይነሣም። ጌታው ፈገግ ካለ ያንኑ ይደግማል፤ ቅንድቡን ከቋጠረ ሌላ ይለውጣል። አንበሳ የደረሰው እንዲህ አለ፦

ፀሐይም ብትጠልቅ፣ ጨረቃም ባትወጣ፣
ያንተ ፊት ካለበት ጨለማ አይመጣ።

አንበሳው የት እንደገባ እንጃ። ባላባቱ ግን ጉልበቱን እስኪመታ ድረስ ደስ አለው። ሰርግ የደረሰውም የዘፈነው ስለ ባላባቱ ነው፤ ጉግስ የደረሰውም እንዲሁ። ዐይኑን ጨፍኖ የሚሰማ ሰው ቢኖር ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል አንድ ብቻ ነው ይል ነበር።

የእኛ ሰው ተራ ደረሰ። ሙገሳው ምላሱ ላይ ነው። ሚስቱ በሩ አጠገብ ከሴቶቹ ጋር ቆማለች። ማሲንቆውን አንድ ጊዜ ገዘገዘ። ከዚያ ቀስቱን አወረደ፤ ዞረ። ለባላባቱ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ግድግዳው ሄደ።

አጋፋሪው አለንጋውን ይዞ ዘለለ። ባላባቱ ፊቱ በርበሬ መስሎ ሳለ እጁን አነሣ። «ተወው! መጀመሪያ የሚያየውን ልይለት፤ ከዚያ ይገረፋል» አለ። የማወቅ ጉጉት መቼም ጌታንም ይይዛል።

አዝማሪው ግርፋቱን ሰምቷል። ፈርቷልም። ግን ዐይኑ ሥዕሉ ላይ ካረፈ በኋላ ፍርሃቱን ረሳው። ሠላሳውን ሰው አያቸው። ሠላሳውም ከግድግዳው ላይ ቀጥ ብለው ወደ አዳራሹ ያያሉ፤ ልክ የባላባቱ አልጋ ወዳለበት። ገበታቸውን የሚያይ የለም፤ ጎናቸው የተቀመጠውን የሚያይ የለም። ቀጥሎ አንዳይናውን አየ። የተጠገነውን ዱላ አየ። አንገቱን አየ፤ የዞረ አንገት ነው። ሰው አንገቱን የሚያዞረው አንድ ነገር ሊያይ አይደለም? ታዲያ ይህ ሰው ምን ያያል? አዝማሪው የሰውዬውን ዐይን ተከትሎ ጎንበስ እያለ ወደ ጥጉ ሄደ። ከባላባቱ አልጋ ሆኖ ለሚያየው፣ በዚያች ሰዓት አዝማሪውም ግማሽ ፊት ነበረው፤ ዐይኑም አንድ ነበር።

አንዳይናው የሚያይበት ቦታ ላይ የባላባቱ ኮርቻ ተደግፎ ቆሟል። ሠዓሊው ከሞተ በኋላ ዕቃው ሲገባ እዚያ ያኖሩት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያነሣው የለም። አዝማሪው ኮርቻውን በሁለት እጁ ብድግ አድርጎ ወደ ጎን አኖረው።

ከኋላው በር ተሥሏል። በሩ ገርበብ ብሏል። ከበሩ ውጭ አንዲት የከሳች ሴት፣ ልጅ አዝላ፣ ባዶ ቅል ይዛ ቆማለች። በሩን ገርበብ አድርጎ የያዘው እጅ የአንዳይናው እጅ ነው።

አዝማሪው ሳቅም ለቅሶም መጣበት። ማሲንቆውን አነሣ፤ አሁን ወደ ባላባቱ ዞረና ሥዕሉን እንዳይሸፍን ወደ ጎን ቆሞ እንዲህ አለ፦

ሁለት ዐይን ያለው ጌታን ሲያይ ዋለ፣
አንዳይናው ብቻ «ደጅ ሰው አለ» አለ።
ፊቱን ያዞረውን ክፉ ነው አትበሉ፣
ወዴት እንዳዞረው እስቲ አስተውሉ።

ያጨበጨበ የለም። ባላባቱ ከአልጋው ተነሣና ወደ ሥዕሉ ሄደ። እሱም ለእንግዶቹ ሁሉ ጀርባውን ሰጠ፤ ያን ግን ማን ይቆጥርበታል። ሴትዮዋን ብዙ ጊዜ አያት። «በረኛውን ጥሩ» አለ።

ሽማግሌው መጣና ደፉ ላይ ቆመ። አልገባ አለ። የአዝማሪው ሚስት እጁን ይዛ፣ «ይግቡ አባቴ፣ የሚያዩት አለ» ብላ አስገባችው። ሥዕሉ ዘንድ ሲደርስ የገዛ ፊቱን ከማየት ፈርቶ መሬት መሬቱን አየ፤ ታች ያለችውን ሴት ያገኛትም በዚያ ነው።

«ይህችን ሴት አውቃታለሁ» አለ። «የክፉው ዓመት ነው። ጌታው፣ አባትዎ፣ 'ከተጠራ በቀር ማንም እንዳይገባ' ብለውኝ ነበር። እሷን አስገባኋት። ጓዳ ውስጥ አብልቼ ቅሏን ሞልቼ ሰደድኳት። ያን ቀን ብታወቅ እገረፍ ነበር። ለማንም አልነገርኩም፤ ለሠዓሊው ብቻ ነው የነገርኩት።» የደረቀ እጁን ዘርግቶ ያችን አንዲት ዐይን ዳበሰ። «ወንድሜ» አለ ለሞተው ሰው፣ «እኔኮ ስቀየምህ ኖርኩ።» ከዚያ በሰው ሁሉ ፊት እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ባላባቱ ወደ አልጋው ተመለሰ። ጌታ ጌታ ነው፤ የአባቱ ነገር በአደባባይ ሲወጣ ደስ አይለውም። «ዘፈንህ ደስ አላሰኘኝም» አለው አዝማሪውን። «ቤቱን ደስ ላሰኘኝ ብያለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም።» አለና ቤቱን ከነጓሮው ለአንበሳው አዝማሪ ሰጠ። ግርፋቱን ተወለት። ኮርቻውን ወደ ቦታው መልሱም አላለም።

አዝማሪው ከአዳራሹ ሲወጣ ሚስቱን ቀና ብሎ ማየት ከበደው። «አምስተኛ አገር» አላት። እሷም ችግኟን ልታነሣ ወደ በረኛው ቤት ሄደች። እርጥቡ ጨርቅ አለ፤ ችግኙ የለም። ዞር ስትል ሽማግሌው ከቤቱ ኋላ ተንበርክኮ አፈር ያለብሳል።

«የእኔ ጓሮ ጠባብ ናት» አለ ሳይነሣ፤ «ግን ዕጣ የሚጣጣልባት የለም። ከዚህ ማንም አይነቅላትም።»

እዚያው ቀሩ። አዝማሪው በር ላይ እየተቀመጠ ለወጪ ወራጁ ይዘፍን ጀመር። ጌሾው ጸደቀ፤ ቅጠል ያወጣ ዕለት ሚስትየው የመጀመሪያዋን ቅጠል ቀነጠሰችና ባሏ አፍ ውስጥ ከተተችለት። ጌሾ መራራ ነው። ፊቱን ሳያጨማድድ አኘከው፤ እሷም አሁን ከልቧ ሳቀች። በዓመቱ ለሽማግሌው ሦስት የክርስትና ልጆች ነበሩት።

የኔታ ነገሩን እዚህ ላይ አበቁ። ተማሪው፣ «የኔታ፣ ባላባቱስ? በኋላ አልተጸጸተም?» ብሎ ጠየቀ።

የኔታ ሳቁበት። «አየህ? እኔ ስለ በረኛው እነግርሃለሁ፣ አንተ አሁንም ጌታውን ታያለህ።» ከዚያ ሳቃቸውን ሰብስበው ወደ እሱ ዞሩ። «ልጄ፣ አዝማሪዎቹ ሌቦች አልነበሩም። እያንዳንዱ ግጥሙን በራሱ አፍ ነው ያወጣው። ግን ሁሉም ያዩት አንድ ፊት ስለሆነ ሁሉም የዘፈኑት አንድ ዘፈን ሆነ። አንተም እንዲሁ ነህ። ስለ ጤፍ ቅኔ ስትቀኝ ጤፉን አታይም፤ ስለ ሞት ስትቀኝ መቃብሩን አታይም። የምታየው የእኔን ቅንድብ ነው። ከፍ ሲል ትደፍራለህ፣ ሲቋጠር ትለውጣለህ። ሦስት ጊዜ ያመጣህልኝ የራሴን ቅኔ ነው። ታዲያ ያልሰማሁት መቼ ነው? ለእኔ ጀርባህን ስጠኝ፤ አልቀየምህም። ነገሩን እስክትጠግበው እየው። አይተህ ስታበቃ ደግሞ ጀርባህን ሰጥተህ አትቅር፤ እንደዚያ አዝማሪ ተመለስና ንገረኝ፤ ያን ጊዜ እሰማሃለሁ።»

ተማሪው እጅ ነሥቶ ተነሣ። እንደ ወጉ ፊቱን ለየኔታ እንዳደረገ ወደ ኋላ እየተራመደ መውጣት ጀመረ። ሦስት እርምጃ ሳይሄድ ተረከዙ ደጃፉ ላይ ያለውን ድንጋይ መታውና ሊወድቅ ተንገዳገደ።

«ዙር እንጂ!» አሉ የኔታ። «መንገዱ በዚያ በኩል ነው።»

ተማሪው ዞረ።